ጣቴ የዳሰሰው የነፋስ ወፍጮ

በአይቧ ከምትታወቀው ከሃውዳ አውቶቡስ ይዤ ስኾንሆቨን ደረስኩ። ባቡር እዚህ አይገባም። ሌክ ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ሆላንዶች «የብር ከተማ» ይሏታል፤ የአንጥረኞች አገር ስለሆነች። የብር ሙዚየምም አላት።

እኔን ግን ያስቆመኝ የአንድ የድሮ ዕቃ ሱቅ መስኮት ነው። ከቡና ስኒ ብዙም የማትበልጥ የብር ዕቃ ተቀምጣለች። የሻይ ቅጠል ማስቀመጫ ናት። ባለሱቋ ፀጉራቸው የሸበተ እናት ናቸው። «ያዛት፣ አትፍራ» ብለው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

ባዶ ቦታ የላትም! በአንዱ ጎኗ የነፋስ ወፍጮ፣ በሌላው የሚጨፍሩ ገበሬዎች። አንድ ሰውዬ በርሜል ላይ ተቀምጦ ፒፓውን ያጨሳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንድ ብር ላይ እንዲህ ያለ የመንደር ሥዕል በጣም ይወደድ ነበር።

«አሁን ጣትህን አስገባ» አሉኝ። አስገባሁ። ወፍጮው ከጀርባው ተዳሰሰኝ፤ አራቱም ክንፎቹ ጎድጉደው። ለካ ሥዕሉ ከውስጥ ወደ ውጭ የተቀጠቀጠ ነው! አንጥረኛው ስሱን ብር ዝፍት ላይ ያስተኛዋል። ዝፍቱ ለመዶሻው እሺ ይላል፣ ብሩን ግን ደግፎ ይይዛል። ከጀርባ መትቶ ያሳብጠዋል። ከዚያ ገልብጦ ዓይኑን፣ የልብሱን እጥፋት ከፊት ያወጣል። ቆሜ ደጋግሜ ዳሰስኩት።

ከሥሯ ትንሽ አንበሳና 2 ቁጥር ታትሟል። ከ1814 ጀምሮ የመጣ ምልክት ነው፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው ማለት ነው። ብር ብቻውን ስለሚለሰልስ መዳብ ይገባበታል።

የሆላንድ መርከቦች በ1610 ገደማ ሻይ ወደ አውሮፓ ሲያመጡ መጠጡ የሀብታም ነበር። ቅጠሉ ከመወደዱ የተነሳ ቁልፍ ያለው ማስቀመጫም ይሠራለት ነበር። እናቴ ስኳሩን ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን መቀነቷ ላይ የምትቋጥረው ትዝ አለኝ።

አንድ ነገር አሳዘነኝ። የአንዷ ጨፋሪ አፍንጫ የለም። ለዓመታት ሲወለወል አልቋል። ባለሱቋ አሁን በለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ብቻ እንደሚያነሱ ነገሩኝ። እሰይ አልኩ።

ዋጋዋ ከአቅሜ በላይ ነበር። አመስግኜ ወጣሁና በ1601 በተሠራው የከተማዋ በር አልፌ ወንዙ ዳር ተቀመጥኩ። ጀልባው መኪና ጭኖ ይሻገራል። ጣቴን አየሁት። ያልተወለወለው የውስጥ ብር ጥቁረት ጫፉ ላይ ቀርቷል።