የዲ-ብሬን ኮኦርዲኔት ለምን ማትሪክስ ሆነ?

ዲ-ብሬን ክፍት ስትሪንጎች (ሁለት ጫፍ ያላቸው ክሮች) ጫፋቸውን የሚያሳርፉበት ነገር ነው። አንድ ዲ-ብሬን የት እንዳለ ለመናገር መደበኛ ቁጥሮች (ኮኦርዲኔቶች) ይበቃሉ። በሱፐርስትሪንግ ቲዎሪ ስፔስ 9 አቅጣጫ አለው፤ ዲ3 ብሬን ሦስቱን ስለሚሞላ ቦታውን የሚነግሩን 6 ቁጥሮች ናቸው፣ ለዲ0 ደግሞ 9። ሁለት ብሬኖች ሲጠጋጉ ግን የቁጥሮቹ ብዛት በሁለት ሳይሆን በአራት ይባዛል። ብዙ ማስተማሪያ እዚህ ላይ ሲደርስ «ኮኦርዲኔቶቹን በማትሪክስ እንተካለን» ብሎ ያልፋል። እንደ ድንጋጌ ነው የሚነገረው፤ ነገሩ ግን ክፍት ስትሪንጎችን ከመቁጠር የሚመጣ ነው።

መነሻው ይህ ነው፦ የብሬን ቦታ ራሱ የስትሪንግ ንዝረት ነው። ሁለቱም ጫፎቹ አንድ ብሬን ላይ ያረፉ ክፍት ስትሪንግ መጠነ ቁስ የሌላቸው ንዝረቶች አሉት። በብሬኑ ርዝመት የሚንቀጠቀጡት እንደ ብርሃን ያለ ጌጅ ፊልድ ይሰጣሉ፤ ከብሬኑ ወደ ውጭ የሚንቀጠቀጡት ደግሞ ብሬኑ ራሱ ሲንቀሳቀስ የምናየው ናቸው። አሁን ብሬኖቹ ኤን ይሁኑ። እያንዳንዱ ጫፍ የትኛው ብሬን ላይ እንዳረፈ የሚናገር ምልክት ይይዛል (የቻንና የፓተን ምልክት የሚባለው ነው)፤ ለመነሻው ኤን ምርጫ፣ ለመድረሻውም ኤን ምርጫ። ስለዚህ ትናንት «ቦታ» ያልነው ንዝረት ዛሬ ሁለት ምልክት አለው። ሦስት ብሬን ካለ በአንድ አቅጣጫ 9 ቁጥሮች ይኖራሉ ማለት ነው፤ 3 ዲያጎናል ላይ (መነሻቸውና መድረሻቸው አንድ ብሬን የሆነ)፣ 6 ከዲያጎናል ውጭ።

እስካሁን ያለን ሠንጠረዥ እንጂ ማትሪክስ አይደለም። ማትሪክስ የሚያደርገው ማባዛቱ ነው፣ ማባዛቱም ከስትሪንጎች መጋጠም ይመጣል። ከ1 ወደ 2 የሄደ ስትሪንግ ከ2 ወደ 3 ከሄደው ጋር ገጥሞ ከ1 ወደ 3 የሚሄድ ይሆናል፤ መሐል ያለው ምልክት ሁሉንም ብሬን እየዞረ ይደመራል። ይህ የማትሪክስ ብዜት ሕግ ነው፣ ምንም የተጨመረበት የለም። ከ1 ወደ 2 እና ከ2 ወደ 1 የሚሄዱት የአንዱ ፊልድ የሌላው ኮምፕሌክስ ኮንጁጌት ስለሆነ ማትሪክሱ ኸርሚሺያን ነው።

ፊዚሲስቱ ዊተን በ1995 ይህን ሲያሳይ ኢነርጂው በማትሪክሶቹ ኮሚዩቴተር (ሁለቱን አባዝተን፣ ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ የተባዛውን ስንቀንስ በሚቀረው) ላይ እንደሚወሰን ግልጽ ሆነ። በሁለት ዲ0 ብሬን ላይ በእጅ እንሥራው። ብሬኖቹ በአንደኛው አቅጣጫ በርቀት ር ይራራቁ። የአቅጣጫ 1 ማትሪክስ ረድፎቹ (ር/2፣ 0) እና (0፣ −ር/2)፤ የአቅጣጫ 2 ማትሪክስ ረድፎቹ (0፣ ወ) እና (ወ፣ 0) ይሁኑ፤ ወ ከአንዱ ብሬን ወደ ሌላው የሚሄደው ስትሪንግ ቁጥር ነው። አንዱን በሌላው አባዝተን፣ ቅደም ተከተሉን ገልብጠን የተባዛውን ስንቀንስ (0፣ ርወ) እና (−ርወ፣ 0) ይቀራል። ስኩዌር ካደረግነው ትሬሱ (የዲያጎናሉ ድምር) −2ር²ወ² ነው። ኪኔቲክ ኢነርጂው ውስጥም ወ ከዚያው 2 ጋር ስለሚገባ 2ቱ ይጣፋሉ፤ ወ እንደ ተራ ስፕሪንግ ይንቀጠቀጣል፣ ፍሪኩዌንሲውም ር ሲካፈል ለ2ፓይአልፋፕራይም ነው። አልፋፕራይም የስትሪንግ ቋሚ ቁጥር ነው፤ 1/(2ፓይአልፋፕራይም) የስትሪንግ ውጥረት ነው። ያገኘነው እንግዲህ (የብርሃን ፍጥነትና የፕላንክ ቋሚ 1 በሆኑበት መለኪያ) ውጥረት ሲባዛ በርቀት፣ ማለትም በሁለቱ ብሬኖች መካከል የተወጠረው ስትሪንግ መጠነ ቁስ ነው። ኮሚዩቴተሩ የተወጠረውን ስትሪንግ አስቀድሞ ያውቀዋል።

ር ትልቅ ሲሆን ወ ከባድ ስለሆነ ዜሮ ላይ ይቀመጣል፤ ማትሪክሶቹ እርስ በርስ ኮሚዩት ያደርጋሉ (ኮሚዩቴተራቸው ዜሮ ይሆናል)፣ አንድ ላይም ዲያጎናል ይሆናሉ፣ አይገንቫልዩዎቹም (ያኔ ዲያጎናሉ ላይ የሚቀመጡት ቁጥሮች) የምናውቃቸው ቦታዎች ናቸው። ር ዜሮ ሲሆን ወ ምንም አይከብድም፤ ሲሜትሪውም (ፊዚክሱን ሳይለውጡ ማትሪክሶቹን ማዞር የሚቻልበት መንገድ) ከሁለት ዩ(1) ወደ ዩ(2) ያድጋል። እዚህ ላይ «የመጀመሪያው ብሬን የት ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ ያጣል።

ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ወ ራሱን እንደ ቦታ ሲያነበው ነው። ወ ቦታ አይደለም፤ ስትሪንጉ ምን ያህል እንደተቀሰቀሰ የሚለካ ነው። ሌላው ስሕተት ቀመሩን ርቀቱ ከስትሪንግ ተፈጥሯዊ ርዝመት (ከአልፋፕራይም ስኩዌር ሩት) ሲበልጥም መጠቀም ነው፤ ያኔ ወ የስትሪንጉን ከፍተኛ ንዝረቶች ያህል ስለሚከብድ እሱን ይዞ እነሱን መተው አይቻልም። ሦስተኛው ይበልጥ ረቂቅ ነው። ፈርሚዮኖቹን (ሱፐርሲሜትሪ ከነወ ጋር የሚያጣምራቸውን ፊልዶች) ከጣልን የወ ዜሮ-ፖይንት ኢነርጂ (ዝቅተኛው ሁኔታ ላይ ሳለም በኳንተም ሕግ የሚቀርለት ኢነርጂ) ከር ጋር እያደገ ብሬኖቹን ያስራቸዋል፣ እንዳይለያዩም ይከለክላል። በሱፐርሲሜትሪ ግን የፈርሚዮኖቹ ድርሻ ያንን ኢነርጂ በትክክል ያጠፋዋል፤ ብሬኖቹ እንደ ልባቸው የሚራራቁት በዚህ ምክንያት ነው። ባንክስ፣ ፊሽለር፣ ሼንከርና ሰስኪንድ በ1996 ኤም-ቲዎሪን (የሱፐርስትሪንግ ቲዎሪዎችን ያዋሕዳል የሚባለውን ቲዎሪ) ከዲ0 ማትሪክሶች ሲያቀርቡ የተመረኮዙት በዚህ መጣፋት ላይ ነው።

ማትሪክሶቹ ኮሚዩት ሳያደርጉ የሚረጉበት ሁኔታም አለ። ማየርስ በ1999 እንዳሳየው ዲ0 ብሬኖች ተስማሚ የራሞን-ራሞን ፊልድ (የዲ-ብሬኖች ቻርጅ የሚፈጥረው ዓይነት ፊልድ) ውስጥ ሲገቡ የሦስት አቅጣጫ ማትሪክሶች እንደ ኳንተም መካኒክስ አንጉላር ሞመንተም ማትሪክሶች ይሆናሉ፣ እያንዳንዳቸው በአንድ ቋሚ ርዝመት ተባዝተው። የቦታዎቹ ስኩዌር ድምር ለሁሉም አንድ ስለሚሆን ብሬኖቹ ሉል ይሠራሉ፤ ራዲየሱ የዚያ ርዝመት ግማሽ ሲባዛ በኤን²−1 ስኩዌር ሩት ነው። ለ2 ብሬን 0.87 እጥፍ፣ ለ10 ብሬን ደግሞ 4.97 እጥፍ ይሆናል። ኤን ሲበዛ ሉሉ እየለሰለሰ ይሄዳል፣ ከሩቅ ላየውም ዲ2 ብሬን ነው።