መጋዝ ያለበት የጋሻ አርማ እንዴት እንደሠራሁ

እንጨት ሥራ ላይ ነኝ፣ ለወርክሾፔ በር አርማ ሲያስፈልገኝ መጀመሪያ የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ባለሙያዎች መሣሪያቸውን ጋሻ ላይ እንዴት ይስሉት እንደነበር ማየት አለብኝ አልኩ፣ ለዚህ ደግሞ የጣሊያኗን ከተማ ፍሎረንስን የመሰለ የለም። ከተማዋ 21 የሙያ ማኅበራት ነበሯት፣ 7ቱ ትልልቅ 14ቱ ትንንሽ ይባላሉ፣ ሁሉም አርማ አለው። የድንጋይና የእንጨት ሠራተኞቹ ቀይ ላይ ነጭ መጥረቢያ፣ ብረት ቀጥቃጮቹ ነጭ ላይ ጥቁር ጉጠት። በቃ፣ ሌላ ነገር የለበትም፣ ግን ከመንገድ ማዶ ሆነህም ለይተህ ታውቀዋለህ።

ብዙ የቆየሁት ኦርሳንሚኬሌ የሚባለው የከተማዋ ሕንፃ ጋ ነው። ድሮ እህል የሚሸጥበት ቦታ ነበር፣ በኋላ ማኅበራቱ ግድግዳው ላይ የየራሳቸውን ቅዱስ ሐውልት አቆሙበት። ቀራጺው ናኒ ዲ ባንኮ በ1400ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ለድንጋይና እንጨት ሠራተኞቹ አራት ሰማዕታትን ቀርጾ ከእግራቸው ሥር ደግሞ ሠራተኞቹን ራሳቸውን አስቀመጣቸው፣ አንዱ ግንብ ይገነባል፣ አንዱ ዓምድ ይበሳል፣ አንዱ የዓምድ ራስ ይሠራል፣ አንዱ የትንሽ ልጅ ሐውልት ይቀርጻል። እዛ መሣሪያው እጅ ላይ ነው፣ ክብደቱ ራሱ ይሰማሃል። እኔ በጣም ነው የነካኝ፣ ሠራተኛ ሰው ከቅዱሳኑ ሥር በክብር ሲቀመጥ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ከዛ ሥራው። መጋዜን ወረቀት ላይ አጋድሜ ዙሪያውን በእርሳስ አወጣሁና ውስጡን በሙሉ በጥቁር ማርከር ሞላሁት፣ ምክንያቱም አርማ ላይ የሚሠራው የውጪው ቅርጽ ነው፣ ብሎን ምናምን ማንም አያይም። የመጋዝ ጥርስ በልኩ ከሳልከው ትንሽ ራቅ ስትል ቀጥ ያለ መስመር ነው የሚመስለው፣ ስለዚህ ጥቂት ግን ትልልቅ ጥርስ አደረግኩለት፣ እጀታውንም አወፈርኩት።

ቀለም ላይ የድሮዎቹ ሕግ በጣም ጠቀመኝ። ወርቅና ብር (ማለትም ቢጫና ነጭ) አንድ ወገን ናቸው፣ ቀይ ሰማያዊ ጥቁር አረንጓዴ ሌላ ወገን፣ የአንድ ወገን ቀለም እርስ በርሱ አይደራረብም። እስቲ ልየው ብዬ ቀይ ላይ ጥቁር መጋዝ ቀብቼ መንገድ ተሻግሬ አየሁት፣ ጨለም ሲል ጠፋ። ነጩ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ኮምፓስ (ክብ መሳያውን) ልጨምርበት አስቤ ነበር፣ ለንደን ውስጥ የአናጺዎቹ ማኅበር በ1466 (እ.ኤ.አ.) ያገኘው አርማ ሦስት ኮምፓስ አለበት። ግን እዛው ለንደን የድንጋይ ጠራቢዎቹም በ1472 ኮምፓስ ወስደዋል፣ የሚለያቸው ዙሪያው ያሉት ሦስት ግንቦች ናቸው። ስለዚህ የብዙ ሙያ የሆነ መሣሪያ ብቻውን አይበቃም፣ የሥራህን ዓይነት የሚናገር ነገር ከጎኑ ያስፈልገዋል፣ ለዚህ ነው መጋዙን መሃል አድርጌ ኮምፓሱን የተውኩት።

ጋሻውን ከወፍራም ጣውላ ቆረጥኩ፣ መጋዙን ከፍ ብሎ እንዲታይ ዙሪያውን በመሮ ዝቅ አደረግኩት፣ ጠርዙን ግን በብርጭቆ ወረቀት አላለሰለስኩም፣ ጠርዙ ስል ሲሆን ፀሐይ ከጎን ስትመጣ ጥላ ይጥልና ቀለሙ ቢደበዝዝ እንኳ ቅርጹ ይነበባል። የምትሞክሩ ካላችሁ ከቀለሙ በፊት ጀርባውንም ቫርኒሽ ቀቡት፣ ዝናብ ከኋላ ነው የሚገባው።