ጠዋት እምቢ ያለው አረቄ ከሰዓት ለምን ነደደ?

የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሳይፈርስ በፊት ነው፣ አንዲት አረቄ ቤት ነበረች ከመንገዱ ገባ ብላ፣ አራት አግዳሚ፣ አንድ በቆርቆሮ የተለበጠ ጠረጴዛ፣ ግብጦ በሰሃን፣ በቃ። ባለቤቷን ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ሐምሌ ነው፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ምናምን፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ ቤቱ እንደ ፍሪጅ ቀዝቅዟል፣ እኔ የሄድኩት ጉንፋኔን ላባርር ነው (እሺ፣ ሰበብ ነው)። አንድ ጋሼ መለኪያቸውን ቀመስ አደረጉና "ይሄ ነገር ውሃ ገብቶበታል" አሉ።

አረቄ ቤት ውስጥ ከዚህ የባሰ ስድብ የለም። እማማ ከጓዳ ብቅ ብለው "ዳግም እኮ ነው ጋሼ! ለኩሱትና ይዩት!" አሉ (ዳግም ማለት ሁለቴ የወጣ አረቄ ነው)። ጋሼ ጠረጴዛው ላይ ጠብ አደረጉ፣ ክብሪት ጭረው አስጠጉ፣ ምንም። ሁለተኛ ክብሪት፣ ምንም። ሦስተኛው ላይ ብልጭ አለና ድርግም። "አላልኳችሁም?" አሉ ጋሼ፣ ቤቱ በሳቅ ሞቀ፣ እማማ ግን ጠርሙሱን አንስተው መስኮቱ ላይ አስቀመጡትና "ከሰዓት ኑ፣ በመለኪያ እንወራረድ" አሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ያው ጠርሙስ፣ ያው ጠረጴዛ፣ አንድ ክብሪት፣ ቡፍ! ሰማያዊ ነበልባል ቆርቆሮው ላይ ሲንሸራሸር፣ ደግሞ በደንብ አይታይም፣ እጅህን ስታስጠጋ ነው የምታውቀው።

ኬሚስትሪ አስራ ሁለተኛ ክፍል ላይ የተለየችኝ ሰው ነኝ ግን ይሄ ነገር እንቅልፍ ነሳኝና ማንበብ ጀመርኩ። ለካ ፈሳሹ ራሱ አይደለም የሚነደው፣ ከላዩ የሚነሳው ትነት ነው። ትነቱ ደግሞ ከአየር ጋር ሲደባለቅ የኤታኖሉ (የሚጠጣው አልኮል ማለት ነው) ድርሻ ከ3.3 ፐርሰንት ካነሰ ክብሪትህን ጨርሰህ ብትጭር አይያዝም። ያን ያህል ትነት እንዲነሳ ፈሳሹ የተወሰነ ሙቀት ላይ መድረስ አለበት፣ ያችን ሙቀት ፍላሽ ፖይንት ይሏታል። አልኮሉ በበዛ ቁጥር ፍላሽ ፖይንቱ ይወርዳል፣ ውሃ በጨመርክበት ቁጥር ይወጣል። ንጹህ ኤታኖል ወደ 13 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ 40 ፐርሰንት የሆነ ቮድካ ወይ ጂን 26፣ 20 ፐርሰንቱ 36፣ ጠጅ 10 ፐርሰንት ነው ብንል ወደ 49፣ ቢራ ደግሞ 60 አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ "ስንት ፐርሰንት ሲሆን ነው የሚነደው?" ለሚል ሰው መልሱ "ስንት ዲግሪ ላይ?" ነው። ቢራም አሙቀኸው ክብሪት ብታስጠጋበት ትነቱ ሊያዝ ይችላል፣ ማን ቢራ እንደሚያሞቅ እንጃ እንጂ።

እኔን ያስገረመኝ ግን የአዲስ አበባ ጉዳይ ነው። እነዚህ ቁጥሮች በሙሉ የባህር ወለል ላይ ናቸው። እኛ ያለነው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ የአየሩ ግፊት የባህር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው፣ ውሃ እንኳን እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው። ከአረቄው የሚነሳው ትነት በዚያው ሙቀት ያው ነው፣ የሚቀላቀለው አየር ግን ሳሳ ስለሚል የትነቱ ድርሻ ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ፍላሽ ፖይንቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ይላል። የእማማ ዳግም 45 ፐርሰንት አካባቢ ነው ብንል እዚህ ፒያሳ 19 ዲግሪ ላይ ይይዛል ማለት ነው። የሐምሌ ጠዋት ቤት ውስጥ ከዚያ በታች ነው፣ ከሰዓት ፀሐይ የመታው ጠርሙስ ደግሞ ከዚያ በላይ። ውሃ የጨመረ ሰው የለም፣ የጠዋቱ ብርድ ነው።

አንድ ሌላ ነገር አይተናል ያን ቀን፣ እሳቱ ሲጠፋ ጠረጴዛው ላይ ፈሳሽ ቀርቷል። ጋሼ በጣታቸው ነክተው ቀመሱትና "ውሃ!" ብለው ሊያሸንፉ ፈለጉ ☺ አልኮሉ እየነደደ ሲያልቅ ውሃው እየበዛ ይሄድና አንድ ቦታ ላይ እሳቱ ራሱን ያጠፋል፣ መቅረቱ የግድ ነው።

እንግሊዞችም በዚሁ ነበር መጠጥ የሚፈትሹት ይባላል፣ ባሩድ ላይ መጠጡን ያፈሱና ይለኩሳሉ፣ ባሩዱ ከተያያዘ ደህና ነው። የእነሱ "100 ፕሩፍ" (ፕሩፍ የመጠጥ ጥንካሬ የሚገልጹበት ቁጥር ነው) 57 ፐርሰንት ገደማ ነው፣ የአሜሪካኖቹ 100 ግን ልክ 50፣ ጠርሙስ ላይ ቁጥሩን አይታችሁ እንዳትሳሳቱ።

ደግሞ "ከነደደ ንጹህ ነው" የሚሉ አሉ፣ ይሄ አደገኛ ወሬ ነው። ሜታኖል የሚባለው መርዛማ አልኮልም ይነድዳል፣ ያውም ከኤታኖሉ ቀድሞ ነው የሚያያዘው፣ ዓይን የሚያጠፋው ደግሞ እሱ ነው። ክብሪት ጥንካሬውን በግምት ይነግርህ ይሆናል፣ መርዝ መሆኑን አይነግርህም።

እኔ ራሴ 2012 ላይ በኮሮና ጊዜ ነው ትምህርቱን በቆዳዬ የወሰድኩት። ሳኒታይዘር እጄን ተቀብቼ ሳይደርቅ ለቡና ከሰል ላቀጣጥል ክብሪት ጫርኩ። 80 ፐርሰንት አልኮል፣ በዚያ ላይ የሞቀ እጅ ላይ! ነበልባሉን እንኳን አላየሁትም፣ የእጄ ፀጉር ሲሸት ነው የገባኝ። እህቴ በሽሮ ማማሰያ ነው "አራግፈው!" እያለች የመታችኝ፣ ከእሳቱ ይልቅ የማማሰያው ነው ያመመኝ።

ሰሞኑን አራት ኪሎ ጋሼን አግኝቻቸው ይሄን ሁሉ ዘረዘርኩላቸው። "እና ጠዋት አልነደደማ" አሉ። ኧረ ጋሼ፣ ሦስተኛው ክብሪት ላይ ብልጭ ብሎ ነበር እኮ፣ ፍላሽ ፖይንት ማለት እሱ ነው፣ እማማ ያኔውኑ አሸንፈዋል! ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ቤቷም ፈርሳለች፣ መለኪያዋም እስካሁን አልተከፈለችም።