በሶሌታዬ ላይ ጦስኝ እስኪበቅል

አባባ የእነዋሪ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሞረትና ጅሩን መረሬ፣ ያንን ጥቁር ጭቃ አፈር፣ ሲያርሱ ኖረው፣ እማዬ ካረፈች በኋላ ደብረ ብርሃን እኔ ጋ መጡ። ግቢያችን ጠባብ ነው። ያለችውን ቦታ መኪናና የውሃ ታንከር ይዟታል። አባባ በጠዋት ይነሳሉ፣ ጋቢያቸውን ደርበው በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ። እጃቸው ሥራ ፈታ። ያ አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

ከኩሽናውና ከዕቃ ቤቱ በላይ 8 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ ባዶ ሶሌታ አለን። በደረጃ ይወጣበታል። ልብስ ከማስጣት ሌላ አገልግሎት አልነበረውም። በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ላይ እዚያ አፈር ላወጣ ወሰንኩ። ትንሽ ጎመን፣ ጦስኝ፣ ጤና አዳም። ለአባባ የምትሆን ማሳ።

አሠራሬ እንዲህ ነበር። መጀመሪያ የፕላስቲክ ሸራ አነጠፍኩ። በሸራው ላይ ስስ የጠጠር ሽፋን በተንኩ። በጠጠሩ ላይ የማዳበሪያ ጆንያ ተርትሬ ዘረጋሁ። ከዚያ ከከተማው ዳር በጋሪ ያስመጣሁትን መረሬ አፈር 20 ሳንቲ ሜትር ሞላሁ። የውሃ መውረጃው ቱቦ አፍ ላይ የሽቦ ወንፊት አሰርኩ። በሦስት ቀን አለቀ።

አባባ ወጥተው አዩት። ከአፈሩ ቆንጥረው በጣታቸው አሹና «ቦዩ የታለ ልጄ?» አሉኝ። ከሥር ጠጠር እንዳለ ነገርኳቸው። ዝም አሉ።

የእነዋሪን እርሻ ያየ ሰው ይህ ጥያቄ ከየት እንደመጣ ይገባዋል። መረሬ በበጋ እንደ ድንጋይ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ደግሞ ውሃ አላሳልፍ ብሎ ይጨቀያል። ስለዚህ የዚያ አገር ገበሬ ካረሰ በኋላ አፈሩን በእጁ እየዛቀ ሰፋ ያለ መደብ ያወጣል፤ በመደቦቹ መካከል ቦይ ይተዋል። ሴቱም ልጁም ይወጣል፤ ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው። ስንዴው ከፍ ብሎ መደቡ ላይ ይቆማል፣ ውሃው በቦዩ ይሄዳል። አባባ ይህንን በልጅነታቸው በእጃቸው ሠርተውታል። እኔ ግን የገጠር ነገር ለሶሌታ አይሆንም ብዬ አለፍኩት።

ሐምሌ ገባ። ዝናቡን ታውቁታላችሁ፤ እኛ አገር ሐምሌና ነሐሴ ቀልድ የላቸውም። መጀመሪያ አፈሩ ላይ ውሃ መተኛት ጀመረ። ጎመኑ ቢጫ ሆነ። «ፀሐይ ሲወጣ ይመጠጣል» እያልኩ ሁለት ሳምንት ቆየሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ። አንድ ሌሊት ኩሽና ውስጥ ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ ሰምቼ ተነሳሁ። ከኮርኒሱ መሶቡ ላይ እየወረደ ነበር።

የአክስቴ ልጅ ኢንጂነር ነው። በማግስቱ መጣ። ወጥቶ አፈሩ ውስጥ ጣቱን ሰደደና ወዲያው «ነይ፣ እንውረድ» አለኝ። ታች ወርደን ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሠራልኝ። ውሃ የጠገበ መረሬ በኪዩብ ወደ 2 ቶን ይጠጋል። 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ማለት በካሬ 400 ኪሎ ነው። 40 ካሬ ላይ 16 ቶን። «ሰው ለሚወጣበት ሶሌታ በካሬ የሚታሰበው 200 ኪሎ አካባቢ ነው። እማማ የምትጋግርበት ኩሽና ላይ ስንት እንደጫንሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። እማማ የሚላት ሠራተኛችንን ነው፤ በዕድሜ የገፋች ሴት ናት። እግሬ ተንቀጠቀጠ። የዚያኑ ቀን፣ እየዘነበ፣ በጆንያ እያወረድን አራገፍነው።

ሲራገፍ ያየሁት ነገር ነው ሁሉንም ያስተማረኝ። አካፋውን ቁልቁል ስሰድ እስከ ታች ጥቁር ነው። ጠጠሩ የለም። ማለት አለ፤ ግን ጭቃው ውስጥ ተሰንጎ ሥራውን ካቆመ ቆይቷል። በጠጠሮቹ መካከል የነበረው ክፍተት በሙሉ በደለል ተሞልቷል። ጆንያው ያልተቀደደበት ቦታ ሽመናው በጭቃ ተደፍኖ ውሃ አላሳልፍ ብሏል፤ በተተረተረበት በኩል ደግሞ አፈሩ እንዳለ አልፏል። ወንፊቱ ላይ እንደ ስስ እንጀራ የሆነ የጭቃ ሽፋን ተጋግሯል። በጥፍሬ ስልጠው ቱቦው ጉልጉል ብሎ ውሃውን ዋጠው። ያ ሁሉ ጣጣ ከዚያ ስስ ሽፋን በላይ ቆሞ ነበር። ሸራውን ደግሞ የጠጠሩ ስለት ሰባት ቦታ በስቶታል።

ሁለተኛውን ሥራ የጀመርኩት ዝናቡ ካለቀ በኋላ፣ ጥቅምት 2011 ላይ ነው። ቸኩዬ መሥራት አቆምኩ። ኢንጂነሩ የቤቱን ፕላን አየና ውሃ ጠግቦ በካሬ ከ150 ኪሎ እንዳላልፍ፣ ሰውም እንዳልሰበስብበት ገደብ ሰጠኝ። ሌላው ነገር ሁሉ ከዚህ ቁጥር በታች መግባት ነበረበት። እኔ ደግሞ ለራሴ አንድ ደንብ አወጣሁ፤ አንድ ንብርብር አንድ ሥራ ብቻ ይሠራል። በመጀመሪያው ጊዜ ሸራው ውሃም ሥርም ስለትም እንዲችል፣ ጆንያው አፈርም ደለልም እንዲይዝ ነበር የጠበቅኩት።

ከሁሉም በታች የሬንጅ ሜምብሬን፣ ማለት ውሃ የማያሳልፍ ምንጣፍ፣ አለ፤ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ በእሳት እየተለበለበ የሚለጠፈው። መደራረቢያው 10 ሳንቲ ሜትር ነው። በዳር ግንቡ ላይ ከአፈሩ ወለል 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ እስኪል ወጣ። ይህ ከፍታ እንዳይቀነስ ሙጭጭ በሉ፤ ውሃ ከጎን መግባት ይወዳል።

ከዚያ ማንም የማይወደው ነገር፤ ሙከራው። ቱቦውን ደፍነን 5 ሳንቲ ሜትር ውሃ ሞላንና 48 ሰዓት ተውነው። ግንበኛው ጋሼ «ኧረ ልጄ፣ አሁን ይሄን ያህል ውሃ ማባከን ምን ይሉታል?» አሉኝ። በሁለተኛው ቀን ኩሽና ውስጥ፣ ቱቦው በሚያልፍበት ቦታ ዙሪያ፣ የስኒ ማስቀመጫ የምታህል እርጥበት አየሁ። ሜምብሬኑ ከቱቦው አንገት ጋር በደንብ አልተያዘም ነበር። በአንድ ሰዓት ተስተካከለ። አፈር ከተጫነ በኋላ ቢሆን ኖሮ ሁሉንም ማንሳት ነበር። ጋሼ ከዚያ በኋላ ስለ ውሃው ምንም አላሉም።

በሜምብሬኑ ላይ ሥር የሚከለክል ፕላስቲክ ያስፈልጋል። ሬንጅን የዕፅዋት ሥር ሰርስሮ ይገባበታል፤ ለሥር ተብሎ ካልተሠራ በስተቀር ተራ ሜምብሬን ብቻውን አይችለውም። እኔ የተጠቀምኩት ገበሬው ለውሃ ማቆሪያ ጉድጓድ የሚያነጥፈውን ጂኦሜምብሬን ነው። መጋጠሚያ እንዳይኖረው አንድ ወጥ አድርጌ አስቆረጥኩ፤ ሥር መጋጠሚያ ፈላጊ ነው። በእሱ ላይ ወፍራም ጂኦቴክስታይል የሚባለው ጨርቅ፣ እንደ ብርድ ልብስ የሚለሰልሰው ዓይነት፣ ስለት እንዳይወጋው ተነጠፈ። ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ የሚሠራበት ከተማ ስለሆነ አሮጌ የሱፍ ብርድ ልብስ ይሻላል ያለኝ ሰው ነበር። ሱፍ እርጥበት ውስጥ ይበሰብሳል። ሰው ሠራሽ ክር መሆን አለበት።

አሁን ወደ ዋናው፣ ውሃ ማሳለፊያው ንብርብር። ሁለት ምርጫ ነበረኝ። አንዱ እንደ እንቁላል ማስቀመጫ ጉብ ጉብ ያለው የፕላስቲክ ምንጣፍ ነው። በካሬ ጥቂት ኪሎ ብቻ ይመዝናል፤ ጽዋዎቹ ትንሽ ውሃ ለበጋ ይይዛሉ፣ ትርፉ በሥሩ ይሄዳል። ክብደት ለሚያስፈራው ቤት ከእሱ የተሻለ የለም። ሌላው ቀይ አሽ፣ ከእሳተ ገሞራ የመጣው ቀይ ጠጠር፣ ነው። እኔ ቀይ አሽን መረጥኩ፤ ርካሽ ነው፣ ነገ ብፈልግ አገኘዋለሁ፣ ውስጡም ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ከጥቁሩ ድንጋይ ጠጠር በጣም ይቀላል። የሶሌታዬ ተዳፋት በ5 ሜትር 6 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ 1.2 በመቶ ማለት ነው። በዚህ ሥራ የሚታወቀው ኤፍኤልኤል የሚባለው የጀርመን መመሪያ ቢያንስ 2 በመቶ ይመክራል። ተዳፋቱ ሲያንስ ውሃ ማሳለፊያው ወፈር ማለት አለበት፤ ስለዚህ 4 ሳንቲ ሜትር አደረግኩት።

ቀይ አሹን መንፋትና ማጠብ ግዴታ ነው። ከ8 እስከ 16 ሚሊ ሜትር ያለውን ብቻ አስቀረሁ። ደቃቁን አልጣልኩም፤ በኋላ ለአፈሩ ሆነኝ። ማጠቡ አራት ቀን ወሰደ። የመጀመሪያው እጣቢ በርበሬ የተበጠበጠበት ይመስላል። ሁለተኛው ሻይ ይመስላል። ውሃው የበርሜሉን ወለል እስኪያሳይ ድረስ አጠብን። ያ ቀይ ውሃ ሳይታጠብ ቢገባ ኖሮ ከሥር ደለል ሆኖ ይቀመጥ ነበር፤ እኔው በእጄ ያስገባሁት ደለል። አባባ በርሜሉ ዳር ተቀምጠው ሲያጥቡ ዋሉ። ፊታቸው ሲፈታ ያየሁት ያን ሳምንት ነው።

በቀይ አሹ ላይ ማጥለያው ይመጣል። ስስ፣ ያልተሸመነ ጂኦቴክስታይል ነው። ካሬው 150 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ከመግዛቴ በፊት ሱቅ ውስጥ በሁለት እጄ ወጥሬ አንድ ስኒ ውሃ አፈሰስኩበት። ወዲያው አለፈ። ውሃውን ላዩ ላይ የሚያንከባልል ከሆነ አትግዙት። መደራረቢያው 20 ሳንቲ ሜትር፣ ዳሩ ላይ ደግሞ እስከ አፈሩ ወለል ታጥፎ መውጣት አለበት። ዳሩን ከረሱት ደለል በዚያ በኩል ይወርዳል።

አፈሩ? እውነቱን ለመናገር አፈር ለማለትም ይከብዳል። ከአሥር ባሬላ ሰባቱ ደቃቅ ቀይ አሽና ፑሚስ የሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ሁለቱ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንዱ ብቻ አፈር። ውፍረቱ 8 ሳንቲ ሜትር። ከማውጣታችን በፊት 50 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ሣጥን ሠርተን፣ ቀይ አሹንም ማጥለያውንም አፈሩንም በልኩ ሞልተን፣ ውሃ አጠጥተን አሳደርነው። ሣጥኑን ሳይጨምር 37 ኪሎ መዘነ። በአራት ሲባዛ በካሬ 148። ኢንጂነሩ ስልክ ላይ «አሁን ተኚ» አለኝ።

ውሃው የሚወጣበትን በር ለብቻው ልናገር፤ ለእኔ ከሁሉም በላይ እሱ ነው። ቱቦው አፍ ላይ ወንፊት ብቻ ማሰር ስህተት ነው። ሰፊ የፒቪሲ ቱቦ ቆርጬ፣ ጎኑን በመሰርሰሪያ ሞልቼ በሳሁና አፉ ላይ አቆምኩት። ክዳን አለው። ከአፈሩ ወለል ትንሽ ከፍ ይላል። ክዳኑን አንስቼ እጄን ስሰድ ሜምብሬኑን እነካለሁ። በዙሪያውና በዳር ግንቡ ጥግ በሙሉ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ባዶ ቀይ አሽ ተውኩ፤ አፈርም ተክልም የለበትም። በመጨረሻ ግንቡን በስተን ትርፍ መውጫ አደረግን፤ ዋናው በር ቢደፈን ውሃው በዚያ እንዲዘል።

ትርፍ መውጫው በመጀመሪያው ዓመት ጥቅሙን አሳየ። አንድ ከሰዓት በረዶ ጣለ፤ የኛን አገር በረዶ ነው የምላችሁ፣ ቆርቆሮው ላይ ሰው የሚያስጮኸውን። በሩ ዙሪያ ቅጠልና በረዶ ተከምሮ ደፈነው። ከዚያ ዝናቡ ተከተለ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ነው፤ በግማሽ ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል በእኔ ሶሌታ 1,200 ሊትር ማለት ነው። በመስኮት ሳይ ውሃው ከግንቡ ቀዳዳ ቀስት ሠርቶ ግቢው ውስጥ ይወርዳል። ኩሽና ሮጥኩ። ኮርኒሱ ደረቅ ነው።

ጦስኙን ዘመዶቻችን ከመንዝ አመጡልን። ስስና ጠጠራማ መሬት ልማዱ ስለሆነ ውርጩንም በጋውንም ቻለው። ጎመን 8 ሳንቲ ሜትር ላይ አልሆነልኝም። ከሥሩ ግድግዳ ባለበት ጠርዝ ላይ፣ ኢንጂነሩ ፈቅዶ፣ ሁለት ጠለቅ ያሉ ሣጥኖች አደረግኩለት። አሁን ብሠራ አንድ ነገር እለውጣለሁ፤ ኮምፖስቱን እቀንሳለሁ። በመጀመሪያው ክረምት ከቱቦው የወረደው ውሃ ቡና መስሎ ነበር፤ አፈሩም ሲበሰብስ ሁለት ሳንቲ ሜትር ሰመጠ። ሁለተኛ መውረጃ ቱቦም ገና ከመጀመሪያው አስገባ ነበር። ለ40 ካሬ አንድ ብቻ በቂ ነው ብዬ አሁን አልከራከርም።

በየዓመቱ ግንቦት ሲያልቅ አባባ በደረጃው ቀስ ብለው ይወጣሉ። ክዳኑን ያነሳሉ፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ይሰዳሉ። የደረቀ ቅጠል፣ ትንሽ ሥር፣ አንዳንዴ የወፍ ላባ ያወጣሉ። ከዚያ አንድ ባልዲ ውሃ አምጪ ይሉኛል። አፈስላቸዋለሁ። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ሲወርድ እንሰማለን።