ሥዕሉን ተመልክታችሁ መልሱ

ለነገ ትምህርት እየተዘጋጀሁ ነው። የአራተኛ ክፍል የአማርኛ መጽሐፋችን ከምንባቡ በፊት ሥዕል ያስቀድማል፤ ከሥሩም «ሥዕሉን ተመልክታችሁ መልሱ» ይላል። ዘንድሮ ክፍሌ ውስጥ ዓይነ ስውር ልጅ አለች። ስለዚህ ሥዕል መተረክ የእኔ ሥራ ሆኗል። «አንዲት እናት ቡና እያፈላች ነው፤ አጠገቧ ሁለት ልጆች ተቀምጠዋል» ስል፣ «ቡናው ተቆልቷል ወይስ ገና ነው?» ትለኛለች። ወደ ሥዕሉ እመለሳለሁ። ስኒው ረከቦት ላይ ተደርድሯል፤ ጀበናው ምድጃ ላይ ነው፤ ብረት ምጣድ አይታይም። «ተቆልቷል» እላለሁ። የሚያዩትም ልጆች መጽሐፉ ላይ አቀርቅረው ሠዓሊው የረሳውን ማደን ለምደዋል። ሰሞኑን አንዱ ሙቀጫ እንደሌለ ደርሶበት፣ ቡናው የተገዛው ተፈጭቶ ነው አይደለም በሚል ሲከራከሩ ደወል ተደወለ።

ወረቀት ላይ ነገሩ ሁሉ አምሮ ተቀምጧል። ትምህርት ሚኒስቴር የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂውን ያወጣው በ1998 ዓ.ም. ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ጸድቋል። አካቶ ትምህርት፣ ማለትም አካል ጉዳተኛውን ከሌሎቹ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ማስተማር፣ የሚለውን ስያሜ በየስብሰባው የማያነሳ ኃላፊ የለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ እንደሚደረግ ይናገራል፤ ግን አቅም በፈቀደ መጠን። አቅም መቼ ፈቅዶ ያውቃል? ልጅቱ ተመዝግባለች፤ ወንበር አላት፤ ስሟ በየጠዋቱ ይጠራል። በጣት እየተዳሰሰ የሚነበበው የብሬል መማሪያ መጽሐፏ ግን እስካሁን አልመጣም። የምትጽፍበት ስሌትና ስታይለስም (የብሬል መጻፊያ ሰሌዳውና ነጥብ መውጊያው) ቤተሰቧ ከሌላ ተማሪ የወረሰው ነው።

ክፍሉ ግን በብሬል ፍቅር ወድቋል። አንዱን ፊደል ከሌላው የሚለየው የስድስት ነጥቦች አቀማመጥ እንደሆነ ስትነግራቸው አላመኑም። በስታይለስ ሲጻፍ ነጥቡ ከወረቀቱ ጀርባ ስለሚያብጥ፣ የሚጻፈው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ከዚያ ወረቀቱ ይገለበጥና ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። በአማርኛ ብሬል ደግሞ ተነባቢውና አናባቢው ይለያያሉ፤ እኛ በአንድ ፊደል የምንጽፈው «ቡ» እርሷ ዘንድ ሁለት ምልክት ይሆናል። ወረቀቱ ወፍራም፣ ነጥቡም ሰፊ ቦታ የሚይዝ ስለሆነ ቀጭን የምንለው መማሪያ መጽሐፍ በብሬል ሲታተም ብዙ ጥራዝ ይወጣዋል። በደብተሩ ላይ ምንም ሳይጽፍ የሚውል አንድ ልጅ ብሬል ለመማር ከሁሉም ቀድሞ ተመዘገበ። ምክንያቱን ስጠይቀው «እናቴ ልታነበው አትችልም» አለኝ።

አንዳንድ መምህራን ዓይነ ስውር ልጅ ከሚያዩት ጋር ሲማር ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር አድርገው ሲያወሩ ይገርመኛል። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ስንት ዓይነ ስውር የቅኔና የዜማ መምህራን ወንበር ዘርግተው አስተምረዋል! እዚያ የቃል ትምህርት የሚሰጠው ማታ በጨለማ ነው። የኔታ ይላሉ፤ ተማሪው ይቀበላል፤ በቃሉ ያጠናል። በዚያ ሰዓት የሚያይና የማያይ አይለይም። ልጅቱን ከትምህርት ያራቃት ጥቁር ሰሌዳው ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም፤ እያንዳንዷን ነገር በዓይን ካላየነው የማናውቅ እስኪመስለን ድረስ ሠርቶናልና። ይህን ስል የቆሎ ተማሪን ኑሮ ማስዋቤ አይደለም፤ ረሃቡን፣ ውሻውንና ብርዱን ከአጎቴ ሰምቻለሁ። ሴት ልጅ ያውም ዓይነ ስውር በዚያ ጉባኤ ቦታ አታገኝም ነበር ማለት ይቻላል።

እንግዲህ የመጽሐፉ ነገር። አገራችን የማራኬሽን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2020 ተቀላቅላለች። በስምምነቱ መሠረት ማንበብ ለሚቸገሩ ሰዎች የታተመን ሥራ ወደ ብሬል ወይም ወደ ድምፅ ለመቀየር ደራሲውን ማስፈቀድ አያስፈልግም። መልካም። ነገ በአገሩ ያለው የልጆች መጽሐፍ በሙሉ በብሬል ቢገለበጥላትስ ምን ታነባለች? ከቤተ መጻሕፍታችን መደርደሪያ ግማሹ በእርዳታ የመጣ ነው፤ በረዶ የሚያቦኩ ቢጫ ጸጉር ያላቸው ልጆች ይበዙበታል። በአማርኛ ካሉት ተረቶች ውስጥ ዓይነ ስውር ስፈልግ የማገኘው ወይ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ የተቀመጠ ለማኝ፣ ወይ በክፉ ሥራው ዓይኑ የጠፋ ሰው፣ ወይም መጨረሻ ላይ በተአምር የሚድን ነው። ሳይድን ጨዋታውን የሚቀጥል ልጅ አላጋጠመኝም።

የምሳሌያዊ አነጋገር ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ጨንቆኝ ነበር። ልጆቹ ከቤት ሰምተው እንዲመጡ ነግሬያቸው ስለነበር አንዱ ብድግ ብሎ «ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍ» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ሁሉም ወደ እርሷ ዞረ። እርሷ ግን እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ጓሮው ትልቅ ከሆነስ?» አለች። ተሳቀ። የተናገረው ልጅም ሳቀ፤ የአያቱ ጓሮ እስከ ወንዝ እንደሚደርስ መሰከረላት። እኔ የምክር ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሳልናገረው ቀረሁ። ምሳሌያዊ አነጋገሩ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ጥያቄዋ ከጎኑ ተጻፈ።

በሌላ ቀን ስለ የትነበርሽ ንጉሤ ነገርኳቸው። ወሎ፣ አማራ ሳይንት ተወልዳ፣ በአምስት ዓመቷ ዓይነ ስውር ሆና፣ ሻሸመኔ በሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምራ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ የተመረቀች፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘች። ያለ ዕድሜ ከመዳር ያዳናት ዓይነ ስውርነቷ እንደሆነ ራሷ ትናገራለች። ልጆቹ በጣም ወደዷት። ልጅቱ ግን በእረፍት ሰዓት መጥታ «እኔ ግን ሕግ አልፈልግም፤ ፀጉር መሥራት ነው የምፈልገው» አለችኝ፤ ይቅርታ እንደመጠየቅ አድርጋ።

ይህ ንግግሯ ከአእምሮዬ አልወጣም። የሚያዩት ልጆች ሰነፍ ቢሆኑ፣ ቢዋሹ፣ ሕግ ባይማሩ ማንም በወገናቸው አይፈርድም። እርሷ ግን እንድትከበር ጀግና መሆን ያለባት ይመስላታል፤ እንዲህ እንዲመስላት ያደረግነው ለማኙን ከአንድ ወገን፣ ተሸላሚዋን ከሌላ ወገን አስቀምጠን መካከሉን ባዶ በመተዋችን ነው። ባዶው ቦታ ላይ ሊቆም የሚገባው ስኳር የሚሰርቅ፣ በእህቱ የሚያሳብቅ፣ የቤት ሥራ ሳይሠራ መጥቶ ሆዴን አመመኝ የሚል ዓይነ ስውር ልጅ ነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ባገኝ በራሴ ደመወዝ እገዛለሁ፤ የመምህር ደመወዝ ስንት መጽሐፍ እንደሚገዛ እግዚአብሔር ያውቃል።

ደራሲዎቹን እስክንጠብቅ ልጆቹ ራሳቸው ታሪክ እንዲጽፉ አዘዝኳቸው። የእርሷን የድጋፍ መምህሩ ከብሬል ወደ ፊደል ገልብጦ ሰጠኝ። አንዲት ልጅ መብራት ሲጠፋ ቤተሰቡ ሁሉ ሻማ ፍለጋ ሲደናበር፣ እርሷ ቀስ ብላ ጓዳ ትገባና ለእንግዳ የተቀመጠውን ዳቦ ከነማሩ ትበላዋለች። መብራት ሲመጣ ታናሽ ወንድሟ ይገረፋል። ልጅቱ አትናገርም። አለቀ።

ከአሥር ስምንት ሰጠኋት። ሦስት ቦታ ላይ አራት ነጥብ ረስታለች፤ መጨረሻውም ተጣድፏል። ዛሬ ጠዋት መጥታ ነጥቡ ላይ ተከራከረችኝ፤ አራት ነጥቡን የረሳው የገለበጠው መምህር ነው ትላለች። ነገ ዋናውን ብሬል ይዛ ትመጣለች፤ እኔም መምህሩን ጠርቼ አብረን እናያለን።