የበሩ ድምፅ

የድምፅ ሰው ነኝ። ውሎዬ ከጆሮ ማዳመጫዬ ጋር ነው፤ ገበያ መውጣት አልወድም። ድራማችንን ለመሸጥ ኬፕ ታውን የሄድኩትም ፕሮዲዩሰራችን «እንግሊዝኛው ላይ አግዘኝ» ብሎ ስለጎተተኝ ነው።

ዝግጅቱ ፌም ዊክ አፍሪካ ይባላል፤ የተጀመረው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። በውስጡ ሚፕ አፍሪካ የሚባል የቴሌቪዥን ገበያ አለ። እኔ ንግግር የሚበዛበት ስብሰባ መስሎኝ ነበር። ዋናው ነገር ግን ጠረጴዛው ነው። አስቀድመህ በኢንተርኔት ቀጠሮ ትይዛለህ፣ ሰዓትህ ሲደርስ ቁጭ ብለህ ድራማህን ታስረዳለህ፣ ሳትጠግብ ትነሳለህ። (የመጀመሪያውን ቀጠሮ «10 ሰዓት» ብሎ የያዘው ፕሮዲዩሰራችን በሐበሻ አቆጣጠር ነበር ያሰበው። ቁርስ ላይ ባልነቃበት ኖሮ ጉድ ሆነን ነበር።)

በሁለተኛው ቀን፣ ለፈረንሳይኛ ተናጋሪ አገሮች ድራማ ከምትገዛ ሴትዮ ፊት ተቀመጥን። ትሬለሩን ከፈትንላት። አያትየዋ ረከቦት ፊት ተቀምጣ ጎረቤቷን በነገር ስትወጋ፣ ሴትዮዋ ሳቀች። ፕሮዲዩሰሩ በጠረጴዛው ስር እግሬን ነካኝ። ስንት ክፍል ነው? 52። እያንዳንዱ ስንት ደቂቃ? እዚህ ላይ ተንተባተብን፤ አንዱ 28፣ አንዱ 41 ነው። ዝም ብላ ጻፈች። ከዚያ «ኤም ኤንድ ኢ አለው አይደል?» አለች።

ኤም ኤንድ ኢ ማለት ንግግሩ ወጥቶ ሙዚቃው፣ ኮቴው፣ ዝናቡ፣ የበሩ ድምፅ ብቻ የቀረበት ትራክ ነው። እሱ ከሌለ ድራማውን በሌላ ቋንቋ ማናገር መከራ ነው። አማርኛውን ስታጠፋ በሩም አብሮ ይጠፋል።

ፕሮዲዩሰሩ እኔን አየኝ። እኔ ቡናዬን አየሁ።

የሚያናድደው፣ ከማንም በፊት ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ዳቢንግ፣ ማለትም የቱርክ ድራማን አማርኛ የማናገር ሥራ፣ ሠርቻለሁ። ቱርክ በ2015 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ፣ ካን ከተማ በሚካሄደው ሚፕኮም በሚባል የቴሌቪዥን ገበያ የክብር እንግዳ አገር ነበረች፤ በዓመቱ እኛ ጋ ቃና ቴሌቪዥን ተከፍቶ የቱርኩ ድራማ «ጥቁር ፍቅር» የየሰዉ ሳሎን ገባ። ቱርኮቹ ያውቁበታል። አገራቸው ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚሄደውን ክፍል ለውጭ ገዢ ወደ 45 ደቂቃ ገደማ ይቆራርጡታል። ለእኔ ይመጣልኝ የነበረው ፋይልም ንግግሩ ለብቻ፣ ሌላው ለብቻ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በሰው ኮቴ ላይ አማርኛ ስደርብ ኖሬ፣ የራሳችንን ድራማ ግን ንግግሩንም ክራሩንም አንድ ላይ ጨፍልቄ አወጣሁት። ድምፆቹ ለየብቻ ያሉበት የየክፍሉ የፕሮጀክት ፋይልስ? ሃርድ ዲስኩ በሞላ ቁጥር ለቀጣዩ ክፍል ቦታ ለማግኘት አጠፋዋለሁ።

ሴትዮዋ አልተቆጣችም። «ሦስት ክፍል አዘጋጅታችሁ ላኩልኝ» ብላ ካርዷን ሰጠችን። የመክፈቻውን ዘፈን ውልም ጠየቀች። ከዘፋኙ ጋር የተስማማነው በአፍ ነው፤ እሱን ለፕሮዲዩሰሩ ተውኩለት።

አዲስ አበባ ስመለስ አሮጌ ሃርድ ዲስኮቼን ሁሉ ገለበጥኩ። ከ52ቱ የ11 ክፍሎች ፕሮጀክት ተገኘ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የሉበትም። ስለዚህ ማታ ማታ፣ መኪና ጋብ ሲል፣ የባለቤቴን ተረከዝ ጫማ በእጄ ይዤ ሴራሚኩ ላይ አራምደዋለሁ። ትናንት የእናቴን ግቢ የብረት በር ልቀዳ ሄድኩ። አንዴ ከፍቼ ዘጋሁት። ውሻው ጮኸ። እንደገና ከፈትኩት።