መረቅ ከቧንቧ

ታካማትሱ፣ ካጋዋ፣ ጃፓን፣ ምሳ ሰዓት። የኮምፒራን መቅደስ 785 ደረጃ ወጥቼ ጉልበቴ ከድቶኛል። ኡዶን ቤቱ ውስጥ ሰልፍ እንጂ አስተናጋጅ የለም። ኡዶን የሚሉትን ወፍራም የስንዴ ኑድል ይሰጡሃል፤ በወንፊት አድርገህ ፍል ውሃ ውስጥ የምትነክረው ራስህ ነህ። ከፊቴ የነበሩት አዛውንት ወንፊቱን እንዴት እንደማራግፍ በእጃቸው አሳዩኝ። ከዚያ ወደ ቧንቧው። አዎ፣ ቧንቧ! ከፍተህ ትኩስ የዓሣ መረቅ ትቀዳለህ። እሳቸው ሱፋቸውን እንደለበሱ፣ ድምፅ እያሰሙ ጠጥተው እብስ አሉ። እዚያ ነውር አይደለም። እኔ ግን እናቴ ያየችኝ ይመስል በጸጥታ በላሁ።

ካጋዋ በስፋት የጃፓን ትንሿ ግዛት ናት፤ ዝናብም ይነሳታል። ገበሬው ለሩዙ ከ10 ሺህ በላይ ኩሬ ቆፍሯል፤ ስንዴው ግን በደረቁም ይሆንለታል። ዛሬ አብዛኛው የኡዶን ዱቄት የአውስትራሊያ ስንዴ ነው። ግዛቱ ግን እጁን አልሰጠም፤ ለኡዶን ብሎ የራሱን ዝርያ አዳቅሏል።